ጆርናል ያለው ዲስክና የየኔታ ጉሮሮ

መብራት እልም ብሎ ሲሄድ እናንተ ምን ትላላችሁ? "ውይ" ነው አይደል? መካነ ሰላም ላይ ሁሉም "ውይ" ይላል፤ ወፍጮ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ጭማቂ ቤቱም፣ እኩል። እኔ ግን ፈገግ እል ነበር። ወላሂ፣ ፈገግ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ብቻ የምትቸኩሉ ካላችሁ ከአሁኑ ተናገሩ፣ እኔ ይሄን ወሬ ከጀመርኩ መቆሚያ የለኝም።

መዲና እባላለሁ። ከስሜ ተነስቶ ሃይማኖቴን ሊገምት የሚሞክር ካለ ወሎን አያውቃትም ማለት ነው። ገበያው መግቢያ ላይ ኮምፒውተር ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ፣ ድምፅ እቀዳለሁ። ልቤ ያለው ግን ከእነዚህ አንዱም ጋ አይደለም። ልቤ ያለው ዲስኩ ጋ ነው። ምን ላድርግ? ሰው ኳስ ይወዳል፣ ሰው ጫት ይወዳል፣ እኔ ደግሞ ዲስክ ውስጥ ነገር እንዴት እንደሚቀመጥ ማወቅ እወዳለሁ። ባሌ "ይሄን ጠባይሽን ከሠርጉ በፊት ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ" ይላል። ቀሪውን እስከ ዛሬ አልጨረሰልኝም።

ሰው ይሸሸኛል፣ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አጅባር ያገባችውን እህቴን ጠይቄ ወደ ደሴ ስመጣ አጠገቤ አንድ ደህና ሰውዬ ተቀመጠ። ወዴት ነህ ብለው ደሴ አለኝ። ሥራሽ ምንድን ነው አለኝ። እሱ ነው የጠየቀኝ፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ነገርኩት። ዝርዝሩንም ጨመርኩለት። ኩታበር ስንደርስ "ወራጅ አለ" ብሎ ወረደ። ረዳቱ የከፈልከው እኮ እስከ ደሴ ነው ቢለው፣ ግድ የለም በሌላ መኪና እመጣለሁ አለ። እኔንም ቻው አላለኝም።

እናንተ ግን ደህና ሰዎች ናችሁ፣ ስሙኝ። ዲስክ ማለት መጋዘን ነው። መጋዘኑ ጠባቂ አለው፤ ፋይል ሲስተም ይሉታል። የቱ ጆንያ የት እንዳለ፣ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚመዝን የሚያውቀው እሱ ነው። የድሮው ጠባቂ አንድ ክፉ አመል ነበረበት። ጆንያ ተሸክሞ መንገድ ላይ እያለ መብራት ከጠፋ፣ ሲነቃ ምን ይዞ እንደነበር አያስታውስም። ስለዚህ ከበሩ ጀምሮ እስከ ጥጉ ድረስ ጆንያውን ሁሉ አንድ በአንድ እየዳበሰ ይመረምራል። እስኪጨርስ ማንንም አያስገባም። አንድ ጊዜ የሙሽራ እናት የልጃቸውን ቪዲዮ ሊወስዱ መጥተው እንዲህ ሲመረምር አገኙት። ተቀመጡ። ምሳቸውን በልተው ተመለሱ፣ አሁንም ይመረምራል። በመጨረሻ ጠጋ ብለው፣ ይሄ ነገር ታሞ እንደሆነ ጠበል አምጥቼ ልርጭበት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከልባቸው ነው፤ ጅሪካን ይዘው ሲመጡ ነው ያስቆምኳቸው።

አዲሱ ጠባቂ ሌላ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። አዲሱ ጠባቂ አንዲት ጆንያ ከማንሳቱ በፊት፣ በሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ "ይህን ጆንያ ከዚህ አንስቼ እዚያ ላስቀምጥ ነው" ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ያነሳል። ሲጨርስ የጻፈውን ይሰርዛል። ሰሌዳዋ ጆርናል ትባላለች። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ምንም። ሲነቃ ሰሌዳዋን ብቻ ያነባታል። የጀመረውን ይጨርሳል፣ ወይም እንዳልተጀመረ አድርጎ ይመልሰዋል። ግማሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ደግሞ እንዴት ይሮጣል! እኔ ከሁሉም ፈጣን ነው የሚባለውን ነው መርጬ የጫንኩት፤ ማሽኑ ያረጀ ቢሆንም። ለዚህ ነው መብራት ሲሄድ ፈገግ የምለው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት እማማ አልጋነሽ መጡ። እማማ አልጋነሽ የየኔታ ባለቤት ናቸው። የኔታ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። በዚህ አካባቢ የእሳቸውን ድምፅ የማያውቅ የለም፤ ጠዋት ነፋሱ ወደ ከተማ ሲነፍስ ሱቅ ከፍተን እየጠረግን እንሰማቸዋለን። እማማ አልጋነሽ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን በጣታቸው እየጠቀለሉ ነገሩኝ። የኔታ ጉሮሯቸው ላይ ዓመታት ሲያስቸግራቸው የቆየ አንድ ነገር በቅሏል። ደሴ ያለው ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይውጣ ብሏል፤ ቢቆይ አደገኛ ነው፣ ድምፅዎ ግን እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል ብሏቸዋል። የኔታ ድምፄ ከነአካሄዱ ተይዞ ካላየሁ ከደብሬ ንቅንቅ አልልም ብለው ቤታቸው ተመለሱ። መጽሐፉ አለ፣ ምልክቱም ተጽፎበታል፣ ግን ምልክቱ ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ እንዴት እንደሚሄድ አያሳይም ይላሉ። እማማ አልጋነሽ ሰውዬው እየመነመነብኝ ነው አሉ። "ልጄ፣ ያዥልኝና ይሂድልኝ" አሉኝ። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር። እኔም ከዚህ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ የለኝም አልኳቸው።

የኔታ መጡ። ረጅም ናቸው፣ በሬን ጎንበስ ብለው ነው የገቡት። ኮምፒውተሩን ዞር ዞር ብለው አዩትና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "መብራት ቢጠፋስ?"

እስቲ አስቡት። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው እንዲጠይቀኝ ስጠብቅ የኖርኩት ጥያቄ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ስለ ጠባቂው፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ሰሌዳዋ ተረክሁላቸው። የኔታ እንደዚያ የኩታበሩ ሰውዬ አላደረጉኝም። ጢማቸውን ይዘው አዳመጡ። በዚህ መሀል ጎረቤቴ ጋሼ ሁሴን የጨርቅ መለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ጋሼ ሁሴን ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከየኔታ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፣ ሲገናኙ ካልተነካኩ አይሆንላቸውም።

ጋሼ ሁሴን "ይቺማ ኒያ ናት" አሉ። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ላደርግ ነው ብለህ በልብህ መያዝ፣ ይሄ የኛ ነው አሉ። መብራት ሲመጣ ያመለጠውን ሞልቶ መጨረሱም ቀዷ ማውጣት ነው፣ ስለዚህ ዕቃው ያለ ጥርጥር እስላም ነው ብለው ደመደሙ። የኔታ የለም አሉ። አንድም ነገር ሳያማትብ የማይጀምር፣ ከወደቀ በኋላ የሠራውን አስታውሶ ንስሐ የሚገባ፣ ይሄ ጥንቅቅ ያለ ክርስቲያን ነው አሉ። ጋሼ ሁሴን ታዲያ ማሽኑ ዓርብ ዓርብ ለምንድን ነው መዲናን የሚያስቸግራት፣ ጁምዓ መሄድ ፈልጎ እኮ ነው አሉ። የኔታ ረቡዕም ያስቸግራታል፣ ጾም ስለሆነ ነው አሉ። እማማ አልጋነሽ መኪናው ያመልጠናል እስኪሉ ድረስ እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ። ብቻ የኔታ ልባቸው አረፈ። ነገ ጠዋት እቀዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ ደሴ እሄዳለሁ አሉ። እማማ አልጋነሽ ሲወጡ እጄን ሳሙኝ፤ እጅ መሳም የኔ ነበር፣ ቀደሙኝ።

በማግስቱ ጠዋት የኋላ ክፍሌን ግድግዳ በፍራሽ ሸፈንኩ። ወፍጮ ቤቱን ለምኜ አስቆምኩት። ተማሪዎቻቸው ተከትለዋቸው መጥተው ነበር፤ ጢም ያበቀሉ ዲያቆናት ናቸው፣ ከመሀላቸው ትልቁ ስልኩን አውጥቶ እኔም በዚህ ልያዝ ወይ ቢለኝ ተቆጣሁት። መሀል ላይ ቢጮህስ? ደግሞስ እኔ ጋ ጆርናል ያለው ዲስክ ተቀምጦ ስልክ ምን ይሠራል? ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጣኋቸው።

የኔታ ጀመሩ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ነፋስ ላይ የሰማሁት ድምፅ ያ ነው ለማለት አልቻልኩም፤ በቅርብ ሲሰማ ደረት ላይ ይገባል። ጋሼ ሁሴን ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የኔታ በዚያ ዓመት የሚያስተምሩትን ከባዱን ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሉት። ሲጨርሱ ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ ድምፃቸው ደግሞ ተሟጦ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል። ተፈጸመ አሉኝ በእጃቸው። ሴቭ አልኩት። ማሽኑ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ጨርሻለሁ አለኝ። ፈጣን ነው ብያችሁ የለ።

መብራት ጠፋ።

ከውጭ "ውይ" ተባለ፣ ሁሉም እኩል። አንድ ዩፒኤስ የሚሉት መጠባበቂያ አለኝ፤ ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲጠፋ ጢጥ ይልና አብሮ ይጠፋል። እማማ አልጋነሽ ልባቸውን ያዙ። እኔ? ፈገግ። አብሽሩ አልኳቸው። አሁን መብራት ሲመጣ ታያላችሁ፣ ሰሌዳውን አንብቦ ሁሉን ቦታ ቦታው ያደርሰዋል አልኩ። እንዲያውም ለማሳየት አመቸኝ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሴት ነኝ።

ከምሳ በኋላ መብራት መጣ። ማሽኑን ከፈትኩ። ጥቂት መስመር ስክሪኑ ላይ ሮጠ፣ አለቀ፣ ተነሳ። ምርመራ የለ፣ ዳበሳ የለ። ፋይሉን ፈለግሁ። አለ። ስሙ አለ፣ መጠኑ አለ፣ ርዝመቱ የኔታ እስካዜሙበት ጊዜ ድረስ ሙሉ ነው። ጋሼ ሁሴን ማሻ አላህ አሉ። የኔታ በሹክሹክታ እግዚአብሔር ይስጥሽ አሉኝ። እኔማ ደረቴን ነፍቼ አጫውት የሚለውን ተጫንኩ።

ምንም።

ድምፁን ጨመርኩ። ምንም። ድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ፋይል ስከፍት የባለፈው ሳምንት ሠርግ እስክስታ ቤቱን አናወጠው፤ የኔታ ብድግ አሉ። ይቅርታ ብዬ አጠፋሁ። ወደ የኔታ ፋይል ተመለስኩ። ከዳር እስከ ዳር ጸጥታ ነው። የተስተካከለ፣ ሥርዓት ያለው፣ በቦታው የተቀመጠ ጸጥታ።

አያችሁ፣ ያ ጠባቂ በሰሌዳዋ ላይ የሚጽፈው የጆንያውን ስም፣ ልኩንና ቦታውን ነው። ውስጡ ያለውን እህል አይጽፍም። እህሉንም ሁለት ጊዜ ልገልብጥ ቢል መቼ ይሮጣል? ፍጥነቱ ከየት የመጣ መሰላችሁ? ጨርሻለሁ ሲለኝ ድምፁን ገና በእጁ ይዞ የሚመቸውን ሰዓት እየጠበቀ ነበር። መብራት ሲጠፋ በእጁ ያለው ጠፋ። ሲነቃ ሰሌዳውን አነበበ፣ ባዶ ጆንያ አምጥቶ ስም ለጠፈበት፣ ልኩን ጻፈበት፣ ቦታው አስቀመጠው። ጋሼ ሁሴን ነገሩ ሲገባቸው "እና ኒያው ደርሶ ሥራው ቀረ በዪኛ" አሉ። ቀጥለውም እኛ ዘንድ ኒያም ብቻውን አጅር፣ የፈጣሪ ዋጋ፣ አለው አሉ። ማንም አልተጽናናም።

የኔታ ድጋሚ ሊያዜሙ ሞከሩ። አልወጣም። ከጉሮሯቸው የመጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ተቀመጡና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። እንግዲህ ደሴ የለም አሉ። ድምፄ ሲመለስ ቀድቼ ያኔ እሄዳለሁ አሉ። መቼ ይመለሳል? አይታወቅም። እማማ አልጋነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ ያን ጊዜ ያንን ማሽን ከነዲስኩ፣ ከነጆርናሉ፣ አንስቼ ገደል ብወረውረው ደስታዬ ነበር። አንድ ሰው በኔ ጉራ ሊሞት ነው አልኩ።

ጋሼ ሁሴን ወደ የኔታ ዞሩ። "መሪጌታ፣ እነዚህ ደጅ የቆሙ ደረሶችህ ምን ይሠራሉ?" አሉ። የኔታ ገና ናቸው አሉ። ጋሼ ሁሴን ይሄን ሁሉ ዓመት ስትጮህባቸው እንሰማ የለም እንዴ፣ ምንም ካልያዙ ለምን የኛን እንቅልፍ አጠፋህ አሉ። የኔታ ተናደዱ። ከመናደዳቸው የተነሳ ይግቡ አሉ። ገና መሆናቸውን ስማ፣ ከዚያ አፍህን ትዘጋለህ አሏቸው።

ተማሪዎቹ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እኔ አሁን ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን ያውጣ ብዬ አዘዝኩ። ትልቁ ዲያቆን አየኝ፤ ጨዋ ነው፣ ስልኩን አወጣ። ጀመሩ።

የኔታ አቀርቅረው ስህተት ሊለቅሙ ተዘጋጅተው ነበር። ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ። ትንሽ ቆይተው መቋሚያቸው ወለሉን መምታት ጀመረች። ያ ጠዋት የሰማነው ነው፤ መውጣቱ ያው፣ መውረዱ ያው፣ መንቀጥቀጡ ያው። እማማ አልጋነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ፣ ጋሼ ሁሴንን ክንዳቸውን ቆነጠጥኳቸው። እንዲህ ሽቅብ፣ ሽቅብ ወጡና ከጫፉ ሲደርሱ ሁሉም በአንድነት "እኽ፣ እኽም" አሉ። ከዚያ ቀጠሉ።

መቋሚያዋ ቆመች። የኔታ ድገሙት አሉ። ደገሙት። እዚያው ቦታ፣ እኩል፣ በአንድ ልክ፣ "እኽ፣ እኽም"። አንዱ እንኳ አልቀደመ፣ አንዱ እንኳ አልዘገየ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ጠዋትም ከየኔታ ሰምቼው ነበር፤ የዜማው አንድ አካል መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው ያለፍኩት።

የኔታ ይሄ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ትልቁ ዲያቆን እጅ ነስቶ፣ የኔታ እዚህ ጋ እንዲህ ነው የሚባለው አለ። መጽሐፉ ላይ ምልክቱ የታለ አሉት። መጽሐፉ ላይ የለም፣ እኛ ከአፍዎ ነው የያዝነው አለ። እንዲያውም በጣም አስቸጋሪው ቦታ እሱ ነው፣ ሁለተኛውን "እኽ" ወደ ታች ሰበር ማድረግ ብዙ ደክመንበታል አለ።

ጋሼ ሁሴን ወደ ውጭ ሮጡ። ከውጭ ሳቃቸው ይሰማል። እማማ አልጋነሽ እያለቀሱም እየሳቁም ነበር፣ የቱ እንደሚበዛ አላወቅሁም። የኔታ ግን አልሳቁም። ከእኔ ዘንድ ጨርሰው የወጡት ዛሬ ማሻም አጅባርም፣ በየደብሩ ያስተምራሉ አሉ በዚያ ሹክሹክታቸው። የእኔን በሽታ ነው የሚያስተምሩት ማለት ነው አሉ። አንድ ዓመት ብጨምር ሲር ሲር የሚለውንም ትንፋሼን ሊያዜሙልኝ ነው አሉ። ተነሱና "አልጋነሽ፣ ጓዝሽን ሸክፊ" አሉ። በማግስቱ ደሴ ገቡ።

ወጣላቸው። የተፈራው ነገር አልነበረም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን፣ ሁለቱንም አልኩ። ድምፃቸው ቀጠን አለ፣ ግን እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ማስተማር በጀመሩበት ቀን ልቀዳቸው ወደ ደብሩ ሄድኩ፤ አዲስ ባትሪ፣ ሁለተኛ ዲስክ፣ የባሌን ስልክ ሳይቀር ይዤ። የኔታ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ያ ነገር ሕመም እንጂ ዜማ እንዳልነበረ በዝርዝር አስረዱ። ሁሉም እጅ ነሱ። ከዚያ የኔታ ራሳቸው አዜሙት። ሽቅብ፣ ሽቅብ ወጡ፣ ከጫፉ ደረሱ፣ ያንን ቦታ እንከን ሳይኖረው አለፉት። እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ተማሪዎቹ ተያዩ። ትልቁ ዲያቆን ተነሳ፣ እስከ መሬት እጅ ነሳና፣ የኔታ ይፍቱኝ፣ አንድ ነገር ዘለሉ አለ። የኔታ አሁን ያስረዳኋችሁ ምንድን ነው ብለው ተቆጡ። እሱም ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ ሰምተናል የኔታ አለ፤ ነገር ግን ማሻም ብንጠይቅ አጅባርም ብንጠይቅ ሁሉም እንደኛው ነው የሚሉት፣ እርስዎ ደሴ ሲታከሙ ከርመው ረስተውት ይሆናል።